የአንባቢያን ጥያቄዎች፦ የያንግ ማርብል ጃይንትስ ሸክላዎችና ካሴቶች

በዚህ እትም የምንመልሳቸው ጥያቄዎች ሁሉም የሚያጠነጥኑት በአንድ ባንድ ላይ ነው። ያንግ ማርብል ጃይንትስ በ1978 በዌልስ ከተማ በካርዲፍ ተመሠረተ፤ በ1980 መጨረሻ ከአሜሪካ ጉዞው መልስ ተበተነ። አባላቱ ሦስት ናቸው፤ ድምፃዊቷ አሊሰን ስታተን፣ ጊታርና ኦርጋን የሚጫወተውና አብዛኞቹን ዘፈኖች የደረሰው ስቱዋርት ሞክሳም፣ እንዲሁም ቤዝ ጊታር የሚጫወተው ወንድሙ ፊሊፕ ሞክሳም። ከበሮ መቺ አልነበራቸውም። ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ጽፈናል።

ጥያቄ፦ ሆል የተባለው የአሜሪካ ባንድ «ክሬዲት ኢን ዘ ስትሬት ዎርልድ»ን ሲጫወት ሰማሁና መጀመሪያ የዘፈነው ማን እንደሆነ ሳፈላልግ እዚህ ባንድ ላይ ደረስኩ። አሁን ግን ግራ ገባኝ። አልበም አለ፣ ትንንሽ ሸክላ አለ፣ የልምምድ ቀረጻ አለ፣ የሬዲዮ ቀረጻ አለ። ከየቱ ልጀምር?

መልስ፦ የሆል ቅጂ በ1994 «ሊቭ ስሩ ዚስ» በተባለው አልበማቸው ላይ የወጣ ነው። ብዙ ሰው እንደ እርስዎ በዚያ በር ነው የገባው። ሌሎች ደግሞ የኒርቫና ባንድ ድምፃዊ ከርት ኮቤይን በማስታወሻ ደብተሩ ከመዘገባቸው ተወዳጅ አልበሞቹ መካከል ስሙን አይተው መጥተዋል። በሁለቱም መንገድ የመጣ ሰው የሚጮኽ ጊታር ጠብቆ ስለሚመጣ፣ መጀመሪያ ሲሰማ «ሌላው ድምፅ የት ሄደ?» ማለቱ አይቀርም። የሄደ ነገር የለም። ቀረጻው እንዲህ ነው።

ይጀምሩ በአልበሙ፣ በ«ኮሎሳል ዩዝ»። በየካቲት 1980 ለንደን በሚገኘው ራፍ ትሬድ አሳታሚነት የወጣ ሲሆን 15 ዘፈኖች አሉት፤ ሁሉም ተደምረው 40 ደቂቃ አይሞሉም። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በተራቸው ይስሙ፤ ማጫወቻዎ ዘፈኖችን እያማረጠ እንዲያዘበራርቅ አይፍቀዱለት። ለምን ቢሉ፣ «ዘ ታክሲ»ን የመሰሉት ድምፃዊት የሌለባቸው አጫጭር ሥራዎች የገቡት በዘፈኖቹ መካከል ትንፋሽ እንዲሰጡ ነው። ለብቻቸው ሲሰሙ ያላለቀ ረቂቅ ይመስላሉ፤ በቦታቸው ሲሰሙ ግን ቀጥሎ የምትመጣው ድምፃዊት ምን ያህል ቅርብ እንደሆነች ያሳውቃሉ።

ከዚያ በ1980 የወጣውን ባለ አራት ዘፈን ሸክላ «ፋይናል ዴይ»ን ያስከትሉ። ቀጥሎ በ1981፣ ባንዱ ከፈረሰ በኋላ፣ የወጣው «ቴስትካርድ» ይመጣል፤ ስድስት ሥራዎች አሉት፣ ስድስቱም ያለ ድምፃዊት ናቸው። አራተኛ፣ ለጆን ፒል የቢቢሲ ሬዲዮ ፕሮግራም በነሐሴ 1980 የተቀረጹትን አምስት ዘፈኖች ይስሙ። በ2000 «ሳላድ ዴይስ» በሚል የወጣውን የልምምድ ቀረጻ ግን እባክዎ መጨረሻ ላይ ያድርጉት። ብዙ ሰው ከዚያ ጀምሮ፣ ያልተስተካከለውን ድምፅ ጆሮው ከለመደው በኋላ አልበሙ ቀዝቅዞበታል። አልበሙን አሥር ጊዜ ከሰሙ በኋላ ቢመለሱበት ግን እያንዳንዱ ዘፈን ከምን ተነሥቶ እዚያ እንደደረሰ ያሳይዎታል።

ጥያቄ፦ ሸክላውን ገዝቼ ሳጫውተው ከጀርባ ሽሽ የሚል ድምፅ አለው። ሻጩን ልከራከረው ወይስ ሙዚቃው ራሱ ነው?

መልስ፦ ክርክሩ ከመነሣቱ በፊት ሁለት ነገሮችን ይለዩ።

ባንዱ ሪትሙን የሚያገኘው ከካሴት ነበር። የወንድማማቾቹ የአጎት ልጅ በእጁ የሠራው የሪትም መሣሪያ ነበረ፤ ከሱ የሚወጣውን ምት አስቀድመው ካሴት ላይ ይቀርጹና መድረክ ላይ ካሴቱን እያጫወቱ ከላዩ ይጫወቱበት ነበር። አልበሙም የተሠራው በመካከለኛው ዌልስ፣ ዌልሽፑል አቅራቢያ ባለው ፎኤል ስቱዲዮ፣ በቴፕ፣ በአምስት ቀን ውስጥ ነው። በቴፕ የተሠራ ቀረጻ ሁሉ መጠነኛ ሽሽታ አለበት። ሌሎች ባንዶች ላይ ሲምባሉና የጊታሩ ጩኸት ስለሚሸፍኑት አይሰማም። እዚህ የሚሸፍነው የለም፤ አንድ የቤዝ ክር ተመትቶ ድምፁ እስኪሞት ድረስ ከጀርባው ያለው ሁሉ ይሰማል።

መለያው ይህ ነው። ሽሽታው ዘፈኑ ሲጀምር አብሮ መጥቶ ዘፈኑ ሲያልቅ አብሮ ከጠፋ፣ ከቴፑ ነው፤ ሸክላው ጤነኛ ነው። በዘፈኖቹ መካከል ባለው ባዶ ቦታም ሳይለወጥ የሚቀጥል ከሆነ የሸክላው ገጽ፣ የመርፌው ወይም የማጉያው ጉዳይ ነው። ቀጭ የሚል ድምፅ ካለ ደግሞ ሰዓት ይያዙ። በደቂቃ 33⅓ ጊዜ የሚዞር ሸክላ አንድ ዙር የሚጨርሰው በ1.8 ሰከንድ ነው። ቀጭታው በየ1.8 ሰከንዱ እየተመላለሰ ከመጣ ጭረት ነው፤ በማጠብ አይለቅም። ጊዜውን ሳይጠብቅ አልፎ አልፎ የሚመጣ ከሆነ ግን ብዙውን ጊዜ ቆሻሻ ወይም ኤሌክትሪካዊ ጭነት ስለሆነ ተስፋ አለው።

ጥያቄ፦ «ፋይናል ዴይ» ላይ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የሚዘልቅ ቀጭን የፉጨት ድምፅ አለ። ሁለት ማጫወቻ ቀየርኩ፣ አልጠፋም።

መልስ፦ ሦስተኛ ማጫወቻ አይግዙ! ፉጨቱ ሆን ተብሎ የገባ ነው። ዘፈኑ የኑክሌር ጦርነት ስለሚደርስበት የመጨረሻ ቀን ነው፤ ሁለት ደቂቃ እንኳ አይሞላም፤ ያ አንድ ከፍ ያለ ኖታም ከሥሩ ሳይቋረጥ ይዘልቃል። አሊሰን ስታተን በላዩ ላይ የምትዘፍነው ድምጿን ሳታስጮህ፣ ሳታርገበግብ፣ የቤት ሥራ እንደምታነብ ልጅ ነው። አስፈሪነቱ እዚያ ላይ ነው። ፉጨቱ ቢነሣ ቆንጆ፣ አጭር የሕፃናት ዜማ የሚመስል ነገር ይቀራል።

ማስጠንቀቂያችን ሸክላቸውን ወደ ኮምፒውተር ለሚገለብጡ ነው። «ጩኸት ማጥፊያ» የሚባሉት የኮምፒውተር ዘዴዎች የሚሠሩት የማይለዋወጥ ድምፅ እየፈለጉ በመቀነስ ነው። ይህ ኖታ ደግሞ ከማንኛውም ነገር በላይ የማይለዋወጥ ስለሆነ መጀመሪያ የሚበሉት እሱን ነው።

ጥያቄ፦ «ቴስትካርድ» በጣም ፈጣንና ቀጭን ሆነብኝ። እንዲህ ነው የተሠራው?

መልስ፦ ፍጥነቱን ይፈትሹ። ትንሽ (ባለ 7 ኢንች) ሸክላ ሁሉ በ45 ዙር የሚጫወት ይመስለናል፤ ግን አራትና ስድስት ሥራ የተጨመቀባቸው ትንንሽ ሸክላዎች በ33⅓ የተቆረጡበት ጊዜ ብዙ ነው። ድምፃዊት ስትኖር ስህተቱን ጆሮ ወዲያው ያውቀዋል፤ እዚህ ግን ድምፃዊት ስለሌለች ሰው ለሳምንታት በተሳሳተ ፍጥነት ሲሰማ ይቆያል። መሃሉ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት ያንብቡ። ካልተጻፈበት የአንዱን ሥራ ርዝመት በሰዓት ይለኩና በኢንተርኔት ከሚሸጠው ሕጋዊ ቅጂ ርዝመት ጋር ያስተያዩ። በ33⅓ ሁለት ደቂቃ የሚፈጅ ሥራ በ45 ሲሮጥ በ1 ደቂቃ ከ29 ሰከንድ ያልቃል። ልዩነቱ ሰፊ ስለሆነ አያሳስትም።

ጥያቄ፦ አሮጌ ቅጂ ልገዛ ነው። የ1980ው እትም መሆኑን በምን አውቃለሁ? ደግሞስ እሱን መፈለግ ያስፈልጋል?

መልስ፦ የራፍ ትሬድ የአልበም ቁጥሩ «ራፍ 8» ነው፤ በሽፋኑም በመሃል ወረቀቱም ላይ ይፈልጉት። ያን ጊዜ የብሪታንያ ሸክላዎች ሽፋን ላይ የዋጋ መስመር (ባርኮድ) ማተም የተለመደ አልነበረም፤ ባርኮድ ካለ የኋላ እትም ነው ብለው ይነሡ። የዶሚኖ (በኋላ ያሳተመው ድርጅት) ስም ካለበት ከ2007 ወዲህ የወጣ ነው። ከዚያ በመሃል ወረቀቱና በመጨረሻው ዘፈን መካከል ያለውን ባዶ ቀለበት በጎን ብርሃን ይመልከቱ። በእጅ ወይም በማሽን የተጫረ ጽሑፍ አለ። ፊደሎቹንና ቁጥሮቹን አንድ በአንድ ገልብጠው ከሌሎች ቅጂዎች መዝገብ ጋር ያስተያዩ። ሽፋን ሊቀየር ይችላል፤ ይህ ጭረት ግን ከሸክላው ጋር የተወለደ ነው።

ስለ ደረጃ አሰጣጥም አንድ ነገር ልብ ይበሉ። የብሪታንያ ሻጮች «ኤክሰለንት» የሚሉት አሜሪካውያን «ቪጂ ፕላስ» ከሚሉት ጋር ይቀራረባል። «ቬሪ ጉድ» ግን ስሙ ያማልላል እንጂ የተጎሳቆለ ማለት ነው። ለጫጫታ ሙዚቃ ሊበቃ ይችላል፤ ለዚህ አልበም አይበቃም። በሁለት ኖታዎች መካከል ባለው ባዶ ቦታ ውስጥ እያንዳንዱ ቀጭታ እንደ ሚስማር ይመታል። ስለዚህ ሻጩ አጫውቶ እንዲያሰማዎ ይጠይቁ፤ ካልሆነም በመብራት ሥር አዘንብሎ ፎቶ እንዲያነሣው ያድርጉ። በጥፍር ጫፍ የሚታወቅ ጭረት በመርፌም ይታወቃል። በላስቲክ (ፒቪሲ) ከረጢት ለዓመታት የቆየ ሸክላ ላይ ጉም የመሰለ ነጭ ሽፋን ካዩ ይተዉት፤ ያ የፕላስቲኩ ኬሚካል ስለሆነ በማጠብ አይለቅም።

መፈለግ ያስፈልጋል ወይ ላሉት፣ ለመስማት ከሆነ አያስፈልግም። ከሦስቱ ሸክላዎች ውጭ ያለውን ነገር አንድ ላይ የሚያገኙት በኋላ እትሞች ነው። ብራሰልስ የሚገኘው ክሬፑስኩል የተባለ አሳታሚ በ1990ዎቹ በሲዲ አወጣው። ዶሚኖ በ2007 አልበሙን ከትንንሾቹ ሸክላዎችና ከልምምድ ቀረጻዎቹ ጋር አወጣ፤ ባለ ሦስት ሲዲው እትም የጆን ፒሉንም ቀረጻ ይዟል። በ2020 ለ40ኛ ዓመቱ በወጣው የሸክላ እትም ደግሞ በ1980 የተቀረጸ የመድረክ ፊልም በዲቪዲ ተጨምሯል። እኛ የምንመርጠው የ2007ቱን ባለ ሦስት ሲዲ ነው፤ ባንዱ የተወውን ነገር ሁሉ ማለት ይቻላል በአንድ ሣጥን ስለሚይዝ። ካገኙም በኒው ዮርኩ ሁራ ክለብ የተቀረጸው የ1980 ፊልም አለ፤ ሦስቱ ሰዎች ምን ያህል ሳይንቀሳቀሱ ይጫወቱ እንደነበር በዓይን ማየት ዘፈኖቹን ለመረዳት ይረዳል።

ጥያቄ፦ ሸክላውን በምን ልጠበው? መርፌውስ ችግር ይኖርበታል?

መልስ፦ 800 ሚሊ ሊትር የተጣራ (ዲስቲልድ) ውሃ፣ 200 ሚሊ ሊትር አይሶፕሮፒል አልኮል፣ ከሁለት እስከ ሦስት ጠብታ ሽታና ቀለም የሌለው የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና። የቧንቧ ውሃ አይጠቀሙ፤ ሲደርቅ የሚተወው ኖራ ቦዩ ውስጥ ተጋግሮ አዲስ ቀጭታ ይሆናል። መሃል ወረቀቱን እንዳይነካ ይጠንቀቁ። በለስላሳ ብሩሽ ወይም በማይክሮፋይበር ጨርቅ፣ ቦዩ በሚዞርበት አቅጣጫ ብቻ፣ ሦስት አራት ዙር ያጥቡት፤ ከመሃል ወደ ዳር አይፈትጉ። ከዚያ በሌላ ጨርቅ በንጹሕ የተጣራ ውሃ ያለቅልቁት። ብዙ ሰው የሚዘለው ይህን ነው፤ ሳሙናው ቦዩ ውስጥ ከደረቀ መርፌው እየገፋ ይሰበስበውና ሁለተኛው ገጽ ላይ ሲደርስ ድምፁ ይታፈናል። ዕቃ ማድረቂያ መደርደሪያ ላይ አቁመው ቢያንስ አንድ ሰዓት ያድርቁት። ይህ አልኮል ያለበት ውህድ ለቪኒል ብቻ ነው፤ በ78 ዙር የሚጫወቱትን የጥንት ሸክላዎች ያሟሟቸዋል።

መርፌውን በተመለከተ፣ ክብደቱን አምራቹ ከጻፈው መጠን አጋማሽ ላይ ያድርጉት፤ ለብዙዎቹ ከ1.5 እስከ 2 ግራም ነው። «ሸክላዬን እንዳይጎዳ» ብሎ ማቅለል ስህተት ነው። የቀለለ መርፌ ከቦዩ ግድግዳ እየተነሣ ይመለሳል፤ የሚጎዳውም ያ ነው። ወደ መሃል የሚጠጉ ዘፈኖች ላይ የአሊሰን ስታተን «ስ» እና «ሽ» ድምፆች ከተሰነጠቁ፣ ወይ መርፌው አርጅቷል ወይ ካርትሪጁ (መርፌውን የሚይዘው ክፍል) ጠምሟል።

ጥያቄ፦ ሸክላውን ወደ ኮምፒውተር ስገለብጥ ፕሮግራሙ ዘፈኖቹን ራሱ እንዲቆርጣቸው አዘዝኩት፤ 15 መሆን የሚገባቸው 30 ምናምን ሆነው ወጡ። ሽሽታውንም ላጥፋ ብዬ ድምፁ ውሃ ውስጥ ያለ መሰለ።

መልስ፦ ሁለቱም ጉዳት የመጣው ከአንድ ምንጭ ነው። ፕሮግራሙ ዝምታን እንደ ባዶ ነገር ይቆጥረዋል፤ ይህ ባንድ ደግሞ ዝምታን ይጫወታል። አውቶማቲክ ቆራጩ ድምፁ ዝቅ ባለ ቁጥር «ዘፈን አለቀ» ይላል። ያጥፉትና ምልክቱን በእጅዎ ያድርጉ። 15 ዘፈን ነው፤ የሩብ ሰዓት ሥራ ነው።

ገለበጣውን ከመጀመሪያው እንዲህ ይሥሩት። ከማጫወቻው የሚወጣው ምልክት በፎኖ ማጉያ ማለፍ አለበት፤ ሸክላ ሲቆረጥ ቤዙ ተቀንሶ ቀጭኑ ድምፅ ተጨምሮ ስለሚቆረጥ፣ መልሶ የሚያስተካክለው እሱ ነው። ያለሱ በቀጥታ ቢሰኩት ቤዝ የሌለው የቆርቆሮ ድምፅ ያገኛሉ፤ ቤዝ የሌለው ያንግ ማርብል ጃይንትስ ደግሞ ምንም ማለት ነው፤ ብዙውን ጊዜ ዜማውን የሚሸከመው ቤዙ ነውና። ቀጥሎ እምም የሚል ድምፅ ካለ ከማጫወቻው የምትወጣውን ቀጭን የመሬት ሽቦ ማጉያው ላይ ካለው ብሎን ጋር ያሥሯት። ካልተወችም የኃይል መስመሩንና የድምፅ ገመዱን ያራርቋቸው።

መጠኑን አልበሙ ውስጥ ከፍ ያለው ቦታ ላይ ከዜሮው በ6 ዴሲቤል ዝቅ ብሎ እንዲቀር ያስተካክሉ፤ ቀሪው ቦታ ለድንገተኛ ቀጭታ ነው። በ24 ቢትና በ48 ኪሎኸርዝ ይቅረጹ። ብዙዎች 96 ይመክራሉ፤ እኛ ለዚህ ሥራ 48ን የምንመርጠው በተጨባጭ ምክንያት ነው። ኦዳሲቲ የተባለው ነፃ ፕሮግራም ያለው የቀጭታ መጠገኛ በአንድ ጊዜ የሚያክመው 128 ናሙና (ኮምፒውተሩ ድምፁን የለካባቸው ነጥቦች) ብቻ ነው። በ48 ኪሎኸርዝ ይህ 2.7 ሚሊሰከንድ ይሆናል፤ በ96 ግን 1.3 ሚሊሰከንድ ብቻ ስለሆነ ብዙ ቀጭታ አይሸፍንም። ቦታም ይቆጥባሉ፤ በ48 በደቂቃ 17 ሜጋባይት ገደማ፣ በ96 ግን 35 ገደማ ይፈጃል።

ቀጭታዎቹን አንድ በአንድ በዓይን አጉልተው፣ በጆሮ አረጋግጠው፣ በእጅ ይጠግኑ። መሣሪያውን በጠቅላላው አልበም ላይ አይልቀቁት። የሪትም መሣሪያው ምት ራሱ አጭርና ሹል ስለሆነ አውቶማቲክ ማጽጃ ከቀጭታ አይለየውም፤ ተጠግኖ የወጣውን ቢያዳምጡ ከበሮው ጠፍቶ ያገኙታል። ሽሽታውንም ይተዉት። ሽሽታ ማጥፊያው የጊታር ክር ተመትቶ የሚሞትባትን የመጨረሻዋን ጭላንጭል ከሽሽታው ጋር አብሮ ይቆርጣታል፤ «ውሃ ውስጥ ያለ» ያሉት እሱ ነው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደሚባለው ይሆናል። ሲጨርሱ ያልተነካውን የመጀመሪያ ቅጂ በፍላክ (ድምፁን ሳያጎድል በሚያስቀምጥ የፋይል ዓይነት) ለብቻው ያስቀምጡ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ የተሻለ ጆሮና የተሻለ መሣሪያ ይኖርዎታል።

ጥያቄ፦ በ1980 ከሬዲዮ የተቀዳ የጆን ፒል ካሴት እጄ ገብቷል። ድምፁ ብርድ ልብስ የለበሰ ይመስላል። ይድናል?

መልስ፦ ቀረጻው በኋላ በይፋ ስለታተመ ለዘፈኖቹ ሲሉ መጨነቅ የለብዎትም። ካሴቱ ዋጋ የሚኖረው የአቅራቢው ንግግር፣ ቀጥሎ የተላለፉት ሌሎች ሙዚቃዎች ካሉበት ነው። እነሱ በሌላ ቦታ ላይኖሩ ይችላሉ፤ ስለዚህ አምስቱን ዘፈኖች ብቻ ሳይሆን ሁለቱንም ገጽ ሙሉ በሙሉ ይገልብጡ።

መጀመሪያ ካሴቱን ሳያጫውቱ ይመልከቱት። ቴፑን ከሄዱ (ድምፁን ከቴፑ ከሚያነበው የማጫወቻው ክፍል) ጋር የሚያጣብቀው ትንሽ የስፖንጅ ወይም የጨርቅ ንጣፍ ከወደቀ ድምፁ እየመጣ ይሄዳል፤ ብሎን ካለው ሌላ ካሴት ቤት ውስጥ ቴፑን ማዛወር ይቻላል። አንድ ጊዜ እስከ ዳር ወደፊት፣ አንድ ጊዜ ወደኋላ ያጠንጥኑት፤ ለዓመታት የቆየ ቴፕ ተጣብቆ ሊሆን ይችላል። የማጫወቻውን ሄድና የላስቲክ ጎማ ያጽዱ። ለሄዱ በጆሮ ጥጥ ላይ ከ90 በመቶ በላይ አይሶፕሮፒል አልኮል፣ ለጎማው ጥቂት ሳሙና የነካው ውሃ ይበቃል።

ከጸዳም በኋላ ከታፈነ ችግሩ ሳይሆን አይቀርም የሄዱ ዘንበል (አዚመዝ) ነው። የተቀዳበት ማጫወቻ ሄድና የእርስዎ ሄድ በአንድ ማዕዘን ላይ ካልቆሙ ቀጭኑ ድምፅ ይጠፋል። ከሄዱ ጎን ሁለት ብሎኖች አሉ፤ ስፕሪንግ ያለበትን ብቻ በቀጭን ካቻቢቴ፣ ካሴቱ እየተጫወተ፣ በጣም ቀስ ብለው ያዙሩት። ከሩብ ዙር በላይ አይሂዱ፤ የነበረበትንም ቦታ አስቀድመው በእስክሪብቶ ያመልክቱ። ግራና ቀኙን ወደ አንድ (ሞኖ) ቢያደርጉ ለውጡ ይበልጥ ይሰማል፤ «ስ» የሚሉት ድምፆች በጣም የጠሩበት ቦታ ላይ ያቁሙ። የዶልቢ (የሽሽታ መቀነሻ) ማብሪያውን ይህን ሁሉ ከጨረሱ በኋላ ይሞክሩ። ያለ ዶልቢ የተቀዳን ካሴት ዶልቢ አብርቶ ማጫወት ራሱ ብርድ ልብስ ያለብሰዋል፤ ስለዚህ ምናልባት ያስጨነቀዎ አንዲት ማብሪያ ብቻ ልትሆን ትችላለች። ሲጨርሱ ብሎኑን ወደ ቦታው ይመልሱ፤ አለበለዚያ ሌሎች ካሴቶችዎ ይታፈናሉ።

ጥያቄ፦ ጊታር እጫወታለሁ። ያንን የታፈነ፣ አጭር ድምፅ እንዴት ላምጣው?

መልስ፦ ስቱዋርት ሞክሳም ሪከንባከር ጊታር ነበር የሚጫወተው፤ ግን ምስጢሩ ጊታሩ ላይ ሳይሆን ቀኝ እጁ ላይ ነው። የመዳፍዎን ጠርዝ (በትንሿ ጣት በኩል ያለውን) ክሮቹ ብሪጁን ከሚነኩበት ላይ ያሳርፉት፤ ግማሹ ብሪጁ ላይ፣ ግማሹ ክሮቹ ላይ ይሁን። ወደ ፊት አንድ ሁለት ሚሊሜትር ቢሄዱ ኖታው ይጠፋል፤ ወደ ኋላ ቢመለሱ ይለቀቃል። በፒክ ወደ ታች ብቻ ይምቱ። ድምፅ ማሻከሪያ (ዲስቶርሽን) አይጠቀሙ፤ ማስተጋቢያም (ሪቨርብ) እንዲሁ፤ ሁለቱም ማፈን የፈለጉትን ጅራት መልሰው ያረዝሙታል።

የሚከብደው ሌላው ነው። ቤዙ ከጊታሩ ከፍ ባለ ቦታ ዜማ ሲይዝ ጊታሩ ዝቅ ብሎ እንደ ከበሮ መቁጠር አለበት፤ ድምፃዊቷ ስትገባ ደግሞ አንዱ መቀነስ አለበት። ሦስት ሰው ተቀምጠው ሲለማመዱ በየአራቱ ምት አንድ ምት ማንም እንዳይነካው ይስማሙ። መጀመሪያ እጅ ይበላል፤ ከሳምንት በኋላ ያቺ ባዶ ምት ዘፈኑን መጎተት ትጀምራለች። የሪትም መሣሪያውንም ምት ካሴት ወይም ስልክ ላይ ቀድተው በሱ ላይ ይለማመዱ። ከተቀዳ ምት ጋር መጫወት መፍጠንም መዘግየትም ይከለክላል፤ ዘፈኖቹ ያንን ቀዝቃዛ እርጋታ ያገኙት ከዚህ ነው።

ጥያቄ፦ ስማቸው «ወጣት የእብነ በረድ ግዙፋን» ማለት ነው? ከየት መጣ?

መልስ፦ አዎ። ስለ ጥንታዊ ግሪክ ሐውልቶች ከሚያወራ መጽሐፍ ነው የወሰዱት፤ ቆመው፣ እጃቸውን በጎናቸው አድርገው፣ ፊት ለፊት የሚያዩትን የወጣት ሐውልቶች ይመለከታል። የአልበሙ ስምም («ግዙፍ ወጣት») እዚያው ሠፈር ነው።

ጥያቄ፦ ሦስቱን ሸክላዎች ጨረስኩ፣ የልምምዱንም ሰማሁ። ከዚህ በኋላ ምን አለ?

መልስ፦ ወደ ኋላም ወደ ፊትም መንገድ አለ። ወደ ኋላ ከሄዱ፣ በ1979 የካርዲፍ ባንዶችን ሰብስቦ «ኢዝ ዘ ዎር ኦቨር?» በሚል የታተመ ሸክላ አለ። የራፍ ትሬዱ ጄፍ ትራቪስ ባንዱን የሰማው በዚያ ነው። እዚያ ላይ ያለው፣ በአሜሪካዊው ኦርጋን ተጫዋች በቡከር ቲ ስም የተሰየመው «ኦድ ቱ ቡከር ቲ» ኦርጋኑ ለዚህ ባንድ ምን ማለት እንደነበረ ያሳያል፤ በዶሚኖ እትም ውስጥም ስላለ አሮጌውን ሸክላ ማሳደድ አይጠበቅብዎትም።

ወደ ፊት ከሆነ፣ አሊሰን ስታተን ዊክኤንድ የተባለ ባንድ ውስጥ ገብታ በ1982 «ላ ቫሪዬቴ»ን አወጣች። ድምጿ ያው ነው፤ ዙሪያው ግን በጃዝና በላቲን ምት ተሞልቷል። ከባንዱ በኋላ ከወጡት ሁሉ እኛ ቀድመን የምንሰጥዎ ይህን ነው። ስቱዋርት ሞክሳም ደግሞ ዘ ጂስት በሚል ስም «ኤምብሬስ ዘ ኸርድ»ን ሠራ። እሱ ላይ ካሉት ውስጥ «ላቭ አት ፈርስት ሳይት» በኋላ በፈረንሳዊው ዘፋኝ በኤትየን ዳሆ በኩል «ፓሪ ለ ፍሎር» ሆኖ በፈረንሳይኛ ተዘፍኗል። ሁለቱን ዘፈኖች አንዱን ከሌላው አስከትለው ይስሙ፤ መጀመሪያ የእንግሊዝኛውን፣ በጆሮ ማዳመጫ፣ ከቤዙ ጀምረው።